አስቸኳይ፦ የላብራቶሪ ጠርሙሶች ሌብል ታጥቧል፣ ስማቸውን ምን ብዬ ልጻፍ?

ላብ ቴክኒሽያን (ቱሉ ዲምቱ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ውሃ በጠፋበት ሰዓት አንድ ቧንቧ ክፍት ቀርቶ ሌሊት ውሃው ሲመጣ ስቶሩን አጥለቀለቀው። የታችኛው መደርደሪያ ጠርሙሶች ስማቸው ተልጦ ፎርሙላው ብቻ ቀርቷል። ነገ ጠዋት 11ኛ ክፍሎች ላብ አላቸው። ኤፍኢ-ሲኤል-3፣ ሲዩ-2-ኦ፣ ሲኤ-ሲኤል-2፣ ኤንኤ-2-ኤስኦ-3፣ ኤንኤ-2-ኤስኦ-4፣ ሰማያዊው ሲዩ-ኤስኦ-4። የመጀመሪያውን አይረን ትራይክሎራይድ፣ ሁለተኛውን ኮፐር ቱ ኦክሳይድ ልል ነው። ልክ ነኝ? መብራት የለም፣ ስልኬም ሊዘጋ ነው።

ጡረተኛ መምህር፦ ልጄ፣ ነገሩን ከሥሩ ያዘው። እ.ኤ.አ. በ1787 ላቮዚዬ፣ ጊቶን ደ ሞርቮ፣ በርቶሌና ፉርክሯ ፓሪስ ላይ አዲስ አሰያየም አወጡ፤ ስሙ ውህዱ ከምን እንደተሠራ እንዲናገር ማለት ነው። በ1919 ደግሞ ጀርመናዊው አልፍሬድ ስቶክ የሜታሉን ኦክሲዴሽን ቁጥር፣ ማለትም ቻርጁን (የኤሌክትሪክ ሙሉን)፣ በሮማን ቁጥር ቅንፍ ውስጥ መጻፍን አመጣ። እኛ ፕላስ 2 አይረንን ፌረስ፣ ፕላስ 3ን ፌሪክ እያልን ነው የተማርነው፤ አሁንም አሮጌ ጠርሙስ ላይ...

አቤል ከገላን፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ፓሪስ ደርሰው ሳይመለሱ የልጁ ስልክ ይዘጋል 😄 ወንድሜ፣ ሜታል ካለበት ዳይ (ሁለት)፣ ትራይ (ሦስት) አትበል፤ እነሱ እንደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ላሉት፣ ሁለቱም ሜታል ላልሆኑት ናቸው። አይረን(3) ክሎራይድ በል፤ ሌብሉ ላይ 3ቱን በሮማን ጻፈው። ሲኤ ማለትም ካልሲየም ሁልጊዜ ፕላስ 2 ስለሆነ ቁጥር አያስፈልገውም፣ ካልሲየም ክሎራይድ ብቻ።

ቤቲ፦ አይረን(3) ክሎራይድ፣ ካልሲየም ክሎራይድ።

የኬሚስትሪ መምህርት (ሰበታ)፦ የኮፐሩን ማንም አላረመውም። ቅንፍ ውስጥ የሚገባው የአቶም ብዛት ሳይሆን ቻርጅ ነው። ኦክስጅን ማይነስ 2 ነው፤ ሁለቱ ኮፐሮች ይካፈሉታል፣ ለእያንዳንዱ ፕላስ 1። ስለዚህ ኮፐር(1) ኦክሳይድ። ዱቄቱ ቀይ ከሆነ ይስማማል፤ ኮፐር(2) ኦክሳይድ ጥቁር ነው። ሰማያዊውን ደግሞ ኮፐር(2) ሰልፌት ፔንታሃይድሬት (5 ውሃ የያዘ ማለት ነው) ብለህ ሙሉውን ጻፍ። ውሃ የሌለበት ነጭ ነው። ተማሪ 1 ሞል (የኬሚስትሪ የመጠን መለኪያ) ሲመዝን ይህኛው 249.7 ግራም፣ ነጩ 159.6 ግራም ነው፤ ስሙ ከጎደለ ሚዛኑም ይሳሳታል።

አቤል ከገላን፦ ኤንኤ ሶዲየም ነው፤ 3 ኦክስጅን ያለው ሶዲየም ሰልፋይት፣ 4 ያለው ሶዲየም ሰልፌት። ኦክስጅን ሲያንስ አይት፣ ሲበዛ ኤት።

ፋርማሲስቷ፦ ቆይ፣ እኔ በጥያቄው ራሱ አልስማማም። ውሃ ያጠበው ፎርሙላ ላይ ያለው 3፣ 3 መሆኑን በምን አወቅክ? ያልተረጋገጠ ጠርሙስ ለተማሪ አይሰጥም።

ላብ ቴክኒሽያን (ቱሉ ዲምቱ)፦ ክዳኖቹ ጥብቅ ናቸው፣ ውሃ አልገባም። ግን እውነት ነው፣ የሶዲየሞቹ ቁጥር ግማሹ ነው የሚታየው። የአይረኑም ደብዝዟል።

የኬሚስትሪ መምህርት (ሰበታ)፦ እንግዲያው ፈትሽ። መነጽርና ጓንት አድርግ፣ መስኮት ክፈት። ከሶዲየሞቹ በትንሿ ማንኪያ ጫፍ በቴስት ቲዩብ አሟሟና ዳይሉት (በውሃ የቀጠነ) ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ አድርግ። የሚከረፋ ጋዝ ካወጣ ሰልፋይት ነው፤ አፍንጫህን ግን አታስጠጋ። ጋዝ ካልወጣ ቤሪየም ክሎራይድ ጨምር፣ ነጭ ዝቃጭ ከሆነ ሰልፌት ነው። ቤሪየሙ መርዝ ስለሆነ እጅህን ታጠብ። ሰልፋይት አየር ሲያገኘው ቀስ በቀስ ወደ ሰልፌት ስለሚለወጥ፣ የቆየ ጠርሙስ ሁለቱንም ሊያሳይህ ይችላል። ለአይረኑ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በቂ ነው፦ ቀይ ቡናማ ዝቃጭ አይረን(3)፣ ድፍርስ አረንጓዴ አይረን(2)።

ጡረተኛ መምህር፦ በርቺ ልጄ! በእርሳስ ጻፈው በዪው፤ የእስክሪብቶ ቀለም በውሃ ሊሄድ ይችላል። ላዩ ላይም ፕላስተር ይለጥፍበት።

ቤቲ፦ አይረን(3) ክሎራይድ ብያለሁ እኮ።

ዮናስ ዘ ኮዬ ፈጬ፦ እኔም ጋ አንድ ጠርሙስ አለ፣ ፎርሙላው ኤፍኢ-3-ኦ-4 ይላል። ቻርጁን ሳካፍለው 8 ለ 3 ይመጣል። ይሄ ምን ተብሎ ይጻፋል?

የኬሚስትሪ መምህርት (ሰበታ)፦ አንዱ አይረን ፕላስ 2፣ ሁለቱ ፕላስ 3 ናቸው። አይረን(2፣3) ኦክሳይድ በለው። ማግኔት አስጠጋበት፣ ይሳባል። ቴክኒሽያኑ፣ ምን አገኘህ?