የዜግነት ፈተናው እንግሊዝኛ ለእናቴ ይቀርላት ይሆን?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ያለች እናቴ 56 ዓመቷ ነው፤ ግሪን ካርድ ካገኘች 16 ዓመት ሆኗታል። ለዜግነት እንግሊዝኛ ግዴታ ነው? እህቴ ደግሞ አዲስ ገቢዎችን እንግሊዝኛ ማስተማር ትፈልጋለች፤ ምን ይጠየቃል?

መላሽ 1፦ እናትዎ እንግሊዝኛው ይቀርላቸዋል። የዜግነት ማመልከቻው (የኤን-400 ቅጽ) በሚገባበት ቀን 55 ዓመት ሞልቶ በግሪን ካርድ 15 ዓመት መኖር፣ ወይም 50 ሆኖ 20 ዓመት መኖር ይበቃል። የታሪክና የመንግሥት ጥያቄው ግን አይቀርም፤ በአማርኛ ይመልሳሉ፣ አስተርጓሚም ይዘው ይሄዳሉ። ከኦክቶበር 20፣ 2025 ወዲህ ላመለከተ ከ128 ጥያቄዎች እስከ 20 ይጠየቃል፤ 12 መመለስ አለበት። እባካችሁ አሮጌውን የ100 ጥያቄ ወረቀት አታስጠኗቸው!

መላሽ 2፦ እንግሊዝኛው ለማይቀርላቸው ልጨምር። ንባቡም ጽሕፈቱም ከሦስት ዓረፍተ ነገር አንዱን በትክክል መሥራት ነው፤ መጠነኛ የፊደል ስህተት አይጥልም። ብዙ ሰው የሚቸገረው በንግግሩ ነው። ቃለ መጠይቁን የሚያደርገው የኢሚግሬሽን መኮንን ከራሱ ከኤን-400 ላይ እየጠየቀ «ይህ ቃል ምን ማለት ነው?» ይላል፤ አዎና አይደለም ብቻ የሸመደደ እዚያ ይቆማል። ስለዚህ የቅጹን ቃላት በቀላል እንግሊዝኛ ማብራራት ይለማመዱ። የወደቀው ክፍል ብቻ ከ60 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ይደገማል።

መላሽ 3፦ ለእህትሽ፦ በቤተ መጻሕፍት በበጎ ፈቃድ መጀመር ይቻላል። ለደመወዝ ሥራ ብዙ ቦታ ዲግሪ ይጠይቃል፤ የ120 ሰዓት የቴሶል (እንግሊዝኛን ለሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎች የማስተማር) ሰርተፍኬትም ይረዳል። አማርኛ ማንበብ የማይችሉ ተማሪዎችን ከፊደልና ከድምፅ ታስጀምር፤ ከሰዋስው ከጀመረች ተስፋ ይቆርጣሉ። ቅጹ ላይ ምን ተብሎ እንደሚሞላ ግን አትምከር፤ ያ የጠበቃ ወይም ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ተወካይ ሥራ ነው።