ፋሲካን ያለ ብድር ለማክበርና የአምስት ሰው ቤት የዕለት ምግብን ለማብቃቃት ምክር እጠይቃለሁ (ደሴ)

ጥያቄ፦ መምህር ከሆጤ

ለሁላችሁም የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። በቤቴ ውስጥ እናቴን፣ ሦስት ልጆቼንና እኔን ጨምሮ አምስት ሰው አለ። ባለቤቴ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ከሄደች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ የምትልከውን ገንዘብ ለጀመርነው ቤት እንጂ ለምግብ ላለመንካት ተስማምተናል። ስለዚህ ቤቱ የሚተዳደረው በእኔ ደመወዝ ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት የፋሲካን አስቤዛ በጠቅላላ፣ ማለትም በጉን፣ ሁለቱን ዶሮ፣ ቅቤውን፣ ሽንኩርቱንና እንቁላሉን፣ የገዛሁት በስቅለት ማግስት በቅዳም ሹር ነበር። ከሁለት የሥራ ባልደረቦቼ የተበደርኩትን ከፍዬ የጨረስኩት በነሐሴ ነው። ዕዳውን ስከፍል ያሳለፍናቸው ወራት ከበዓሉ ደስታ ይልቅ ከብደውኛል። በግንቦትና በሰኔ ልጆቼ ለምሳ ይዘውት የሚሄዱት ከድንች ጋር የተጠቀለለ ደረቅ እንጀራ ነበር። ትንሿ ልጄ አንድ ቀን ምሳ ዕቃዋን ሳትከፍተው መልሳ አመጣችው፤ ምክንያቱን ስጠይቃት «ልጆቹ ያዩብኛል» አለችኝ። ያን ዓይነት ቀን በቤቴ እንዲደገም አልፈልግም።

አሁን ጾሙ ቅድስት ላይ ስለሆነ እስከ በዓሉ ሰባት ሳምንት ገደማ ይቀረኛል። ለአምስት ሰው ቤት በግ ይሻላል ወይስ ቅርጫ መግባት? ምን ምኑን ከወዲሁ ልግዛ፣ ምኑንስ እስከ መጨረሻው ላቆየው? ጎረቤቶቼ በአብዛኛው ሙስሊሞች ናቸው፤ እነሱን ሳልጠራ በዓል ማክበር ስለማይሆንልኝ ወጪውን እንዴት ላድርገው? የዕለት ምግቡንስ ልጆቹ ሳይጎዱ እንዴት ልቀንስ? የገበያ ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ በብር ሳይሆን በመጠንና በጊዜ ብትነግሩኝ ይበልጥ ይጠቅመኛል።

መልስ 1፦ የሸዋ በር እናት

መምህር፣ እግዚአብሔር ያበርታዎት። እናትን ጦረው፣ ልጆችን ይዘው ቤት ማስተዳደርዎ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ስድስት ልጆች ያሳደግሁት በትንሽ ገቢ ነውና የማውቀውን ልንገርዎት።

የበዓልን ወጪ የሚያከብደው በበዓሉ ቀን የሚበላው ሳይሆን የሚገዛበት ሳምንት ነው። ቅቤን እንውሰድ። በጾሙ ወራት ክርስቲያኑ ቅቤ ስለማይበላ ፈላጊው ይቀንሳል፤ ከሆሳዕና ወዲህ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሣል። ስለዚህ ሁለት ኪሎ ቅቤ አሁኑኑ ገዝተው አንጥረው ያስቀምጡ። በደንብ የተነጠረ ቅቤ በደረቅ ዕቃ ተከድኖ በደሴ ብርድ ወራት ይቆያል። ሲነጠር እስከ ሩብ የሚደርሰው ውሃና አንጉላ ሆኖ ስለሚቀር ሁለት ኪሎ ገዝተው ሁለት ኪሎ አይጠብቁ። ከመግዛትዎ በፊት ትንሽ ቆንጥረው በማንኪያ ያቅልጡት፤ ባዕድ ነገር ከተቀላቀለበት ከሥሩ ሲዘቅጥ ሊያዩት ይችላሉ።

በርበሬው ዘንድሮ አልፎዎታል፤ ዛላው የሚረክሰው አዝመራው በሚገባበት ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ለዘንድሮ ከሚያምኑት ጎረቤት አንድ ኪሎ የተዘጋጀ በርበሬ ይግዙ፤ ለከርሞ ግን በኅዳር ዛላ ገዝተው ለማስፈጨት ከአሁኑ ያስቡበት።

ሁለት ዶሮ አያስፈልግዎትም። አንድ ዶሮ 12 ብልት አለው፤ 12 እንቁላል ሲጨመርበት ለቤተሰቡም ለእንግዳም ይዳረሳል። ወጡን የሚያበዛውና የሚያጣፍጠው ቁሌቱ ነው። ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት በደቃቁ ተከትፎ ያለ ዘይት በመጠነኛ እሳት፣ ውሃውን ጨርሶ እስኪጠወልግ ድረስ ይቁላላ፤ ከዚያ በኋላ ነው በርበሬውና ዘይቱ የሚገባው። ይህንን ቁሌት በሰሙነ ሕማማት ሐሙስ ማታ ሠርተው ያሳድሩት፤ ጾም ነውና ቅቤ አይግባበት፣ ቅቤው በበዓሉ ሌሊት ይጨመራል። ሽንኩርቱን ደግሞ በዓሉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ገዝተው ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይዘርጉት። የበልግ ዝናብ የሚዘንብበት ጊዜ ስለሆነ በጆንያ እንደታሰረ ከተውት ይበሰብሳል።

መልስ 2፦ የቦርከና ልጅ፣ ከኮምቦልቻ

እኔ ቅርጫ እንዲገቡ እመክራለሁ። እዚህ ኮምቦልቻ በአንድ ፋብሪካ የምንሠራ 12 አባወራዎች በየደመወዙ ትንሽ ትንሽ እያዋጣን በሬ መግዛት ከጀመርን ዓመታት ተቆጥረዋል። ቆሞ 250 ኪሎ ገደማ የሚመዝን በሬ ከነአጥንቱ 120 ኪሎ ገደማ ሥጋ ይወጣዋል፤ ለ12 መደብ ሲከፈል እያንዳንዱ አሥር ኪሎ ያህል ይደርሰዋል ማለት ነው። 25 ኪሎ የሚመዝን በግም ከአሥር እስከ 12 ኪሎ ሥጋ ስለሚሰጥ መጠኑ ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ ቅርጫ ግማሽ መደብ መውሰድ የሚፈቅድ መሆኑ ላይ ነው። ለአምስት ሰው ደግሞ አምስት ኪሎ ሥጋ ከዶሮው ጋር ይበቃል።

ሆኖም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቅርጫ ውስጥ ጠብ የሚነሣው ሥጋው ከተቆረጠ በኋላ ነው። ስለዚህ ማን በሬውን እንደሚመርጥ፣ ማን ገንዘብ እንደሚይዝ፣ ቆዳውና ጭንቅላቱ ለማን እንደሚሆን በሬው ከመገዛቱ በፊት ተነጋግሮ በወረቀት መጻፍ ያስፈልጋል። መደቡ የሚታደለው በዕጣ መሆን አለበት። እኛ አንድ ዓመት ይህንን ሳናደርግ ቀርተን ሁለት ወዳጆች እስከ መስከረም ድረስ ሳይነጋገሩ ከርመዋል።

ጥሬ ሥጋ የምትወዱ ከሆነ በሬው በከተማው ቄራ ታርዶ በሐኪም ቢታይ ይሻላል፤ ለማረጃ የሚከፈለው ለኮሶ መድኃኒት ከሚወጣው ይሻላልና።

መልስ 3፦ ጡረተኛው፣ ከቧንቧ ውሃ

ከኮምቦልቻው ወንድሜ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። በቤት ውስጥ አረጋዊት እናት አሉ። ለእሳቸው ዓመት በዓል ማለት በጉ በግቢው ሲጮህ ማደሩ፣ ልጆቹ ሣር ሲያበሉት ማየት፣ በማለዳም ዱለቱ ሲሸት ነው። የተመዘነ ሥጋ በፌስታል ይዞ መግባት ያንን አይተካውም። ስለዚህ መምህሩ አቅም ካለው ጎረቤት ወይም ከወንድም ጋር አንድ በግ ለሁለት ይግዙ፤ ጨጓራውና ጉበቱ ለእናታቸው፣ ሥጋው እኩል ይሁን። በግ ስትገዙ ደግሞ ወገቡን በእጃችሁ ዳሱ፤ የጀርባው አጥንት እንደ መቁጠሪያ የሚቆጠር ከሆነ ዋጋው ምንም ቢረክስ ይቅርባችሁ።

መልስ 4፦ ጎረቤት ከሰኞ ገበያ

አሰላሙ አለይኩም፤ ለመምህሩም ሰላም ይሁን። በሙስሊም ጎረቤት በኩል ያለውን ልናገር።

እንደ አንዲት የወሎ ሙስሊም እናት በግልጽ የምነግርዎት፣ ለእኛ ብለው ሁለተኛ እርድ እንዳያስቡ ነው። የእርዳችን ነገር የተለያየ መሆኑን ሁላችንም ተቀብለን አብረን ያደግንበት ስለሆነ ማንም አይቀየምም። በእኛ ሰፈር ክርስቲያን ጎረቤቴ ለፋሲካ ስትጠራን የምታቀርብልን ድፎ ዳቦ፣ ቆሎና ቡና ነው፤ እኛም ለዒድ ስንጠራት የምናቀርብላት በዘይት የተሠራ የምስር ወጥና ዳቦ ነው። አምስት ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ ጥቁር አዝሙድና ኮባ ካለ አንድ ትልቅ ድፎ ለሰፈሩ ሁሉ ይበቃል። ለመጠጥም ጠላውንና ለስላሳውን ለየብቻ ከማሰብ ከተጠበሰ ገብስ ቀሪቦ ቢጠምቁ ሕፃንም ሙስሊምም ክርስቲያንም በአንድነት ይጠጣዋል፤ በሳጥን ከሚገዛ ለስላሳ ጋር ሲተያይ ወጪው በጣም ትንሽ ነው። የግድ ሥጋ ላብላ ካሉ ደግሞ አንዱን ዶሮ ከነነፍሱ ለጎረቤትዎ ይላኩት፤ በእነሱ እጅ ታርዶ በእነሱ ድስት ይሠራል፣ አብራችሁም ትቀመጣላችሁ።

መጋራት በእኛም ዘንድ ያለ ነው። ለአረፋ በሚደረገው ዑድሒያ (የመሥዋዕት እርድ) በግና ፍየል ለአንድ ሰው ሲሆኑ አንድን በሬ ግን ሰባት ሰው ሊጋራው ይችላል፤ አቅም የሌለው ደግሞ አይገደድበትም። እኛ ሰባት ቤተሰብ ሆነን ከዒድ አልፈጥር ማግሥት ጀምሮ በየሳምንቱ እናዋጣለን።

ስለ ጥራጥሬም ያየሁትን ልጨምር። በ2017 ዓ.ም. የእናንተ ጾም የካቲት 17፣ የእኛ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ገቡ። ለእናንተ የጾም ወጥም ለእኛ ሳምቡሳም የሚፈለገው ያው ምስር ነውና አስቀድሜ በመግዛቴ ተጠቅሜያለሁ። ሁለቱ ጾሞች በሚቀራረቡባቸው ዓመታት ሁሉ ይህንን ያስታውሱ።

መልስ 5፦ ባለ ወፍጮው

የዕለት ምግቡን በተመለከተ በወፍጮ ቤት የማየውን እነግርዎታለሁ። የተዘጋጀ ሽሮ በኪሎ የሚገዛ ቤተሰብ፣ ለማዘጋጃው ትርፍ መክፈሉ ሳያንስ በውስጡ ያለውን አያውቅም። ሽንብራ፣ አተርና ባቄላ ገዝተው፣ ቆልተውና ከክተው ቢያስፈጩ ለሁለት ወር የሚሆን ሽሮ በአንድ ቀን ሥራ ያገኛሉ። ጓያ ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ያበዛዋል፤ እኔ ግን ለልጆች አልመክርም። ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግርን የሚያሽመደምድ በሽታ እንደሚያመጣ የታወቀ ነው፤ ይህ ደግሞ በራሳችን አገር በችግር ጊዜ የታየ ነገር ነው።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው ከኮምቦልቻ ባነሰ ሙቀት ነው። ባቄላና ሽንብራ በደሴ ምድጃ ላይ የሚቆዩትና ብዙ ከሰል የሚጨርሱት በዚህ ምክንያት ነው። ማታ ዘፍዝፈው ያሳድሩ፣ የነከሩበትን ውሃ ደፍተው በአዲስ ውሃ ይቀቅሉ፣ ለሁለት ቀን የሚሆነውን ንፍሮ በአንድ ጊዜ ያፍሉ። ብርዱ በሌላ በኩል ይጠቅማል፤ እንጀራ በኮምቦልቻ ሙቀት በሦስተኛው ቀን ሲሻግት በደሴ ግን ከዚያ በላይ ስለሚቆይ የሚጋገርበትን ቀን አራርቆ ማገዶ ማዳን ይቻላል።

ለእንጀራው ነጭ ጤፍ ብቻ መብላት አያስፈልግም። ሁለት እጅ ሰርገኛ ጤፍ፣ አንድ እጅ ማሽላ አድርገው ያስፈጩ፤ ልጆቹ ልዩነቱን አይለዩትም። ለትምህርት ቤት ምሳ ደግሞ ደረቅ እንጀራ ከመስጠት ይልቅ እንቁላል በጾሙ ወራት ስለሚረክስ፣ ለማይጾሙት ትንንሾች በሳምንት ሁለት ጊዜ እንቁላል ፍርፍር ቢያዙላቸው ያችን ትንሽ ልጅ አያሳፍራትም።

ጠያቂው፦ መምህር ከሆጤ

ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመለሳችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ምክራችሁን ማታ ለእናቴ አነበብኩላት። የጡረተኛውን ስትሰማ ሳቀችና «እሳቸው እውነት ተናገሩ፣ ግን እኔ ልጅ ዕዳ ውስጥ ሲገባ ከማይ በጉ ሳይጮህ ቢያድር ይሻለኛል» አለችኝ። ስለዚህ ከሥራ ባልደረቦቼ ቅርጫ ግማሽ መደብ ለመግባት ተስማምቻለሁ፤ ሰባቱን ሳምንት ከፋፍዬ እከፍላለሁ። ዶሮውን በደብረ ዘይት ሰሞን ገዝቼ በግቢ ውስጥ እቀልበዋለሁ። ድፎውን ጎረቤቴ ልትደፋልኝ ቃል ገብታለች።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ቅቤ አንጥሬ አላውቅም፤ የእናቴ ዓይን ደክሟል፤ የሸዋ በር እናት አሠራሩን ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ 6፦ የሸዋ በር እናት

ልጄ፣ ቀላል ነው፤ አትፍራው። ለሁለት ኪሎ ቅቤ አንድ እፍኝ ኮሰረት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ኮረሪማ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ተቆልቶ የተፈጨ አብሽ፣ በጣት ቁንጥር እርድ አዘጋጅ። ቅቤውን በወፍራም ድስት በቀስታ እሳት ላይ አቅልጠው፤ አረፋው ሲነሣ በማንኪያ እየገፈፍክ አውጣው፤ ቅመሙን ከዚያ በኋላ ጨምረው። ዓይናቸው ቢደክም እናትህ ከምድጃው አጠገብ ወንበር ይዘው ይቀመጡ፤ ቅቤው ሲበስል ሽታውን ከእኔም ከአንተም በላይ ያውቁታል። መንጫጫቱ ሲቀንስ፣ ላዩ ሲጠራና አንጉላው ከሥር ሲረጋ አውርደህ ትንሽ አብርደው፤ በንጹሕ ሻሽ አጥልለህ ውሃ ያልነካው ዕቃ ውስጥ ገልብጠው። አንጉላውን አትድፋው፤ ለማይጾሙት ልጆች በትኩስ እንጀራ ቀብተህ ስጣቸው።