ኅዳር 5 የስኳር ቀን፦ ነፃ ምርመራና ገንዘብ ማሰባሰብ እንዴት ይደራጅ?

የወጣት ማኅበር ጸሐፊ፣ ደሴ
ሰላም ለሁላችሁ። የሰፈራችን ወጣቶች ከእድሩ ጋር ሆነን የዓለም የስኳር ቀንን ልናከብር አስበናል። ጠዋት የእግር ጉዞ፣ ከዚያ ለ200 ሰው ነፃ የደም ስኳር ምርመራ፣ በዚያው ደግሞ ሆስፒታል ክትትል ላይ ላሉ 20 የዓይነት 1 ስኳር (ሰውነት ኢንሱሊን የማያመርትበት) ታማሚ ልጆች ገንዘብ ማሰባሰብ ነው። ዕቃው ምን ያህል ይበቃል? ብሩስ በማን ስም ይሰብሰብ? አሜሪካ ያሉት የሰፈራችን ልጆች ጎፈንድሚ (የኢንተርኔት ገንዘብ ማሰባሰቢያ) እንክፈት እያሉ ነው። ቲሸርትም ልናሳትም ነው።

ነርስ፣ የስኳር ክትትል ክሊኒክ
መጀመሪያ ቀኑን እዩት። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች፣ በማግስቱ በሚገባው ዓመት የስኳር ቀን የሆነው ኖቬምበር 14 የሚውለው ኅዳር 5 ሳይሆን ኅዳር 4 ነው።

ለ200 ሰው 200 ስትሪፕ (ደሙ የሚነካበት የማሽኑ ወረቀት) አይበቃም። ደም ያነሰው ኤረር ይላል፣ የሚደገምም አይጠፋም። 220 ያዙ፣ ማለትም ባለ 50ው 5 ብልቃጥ። ላንሴት (የጣት መውጊያ መርፌ) ለአንድ ሰው አንድ ነው። እንደ እስክሪብቶ የሚጫነውን መውጊያ ግን ለብዙ ሰው አትጠቀሙበት፤ መርፌው ቢቀየርም ጫፉ ላይ ደም ይቀራል፣ ሄፓታይተስ ቢ የሚተላለፈው በዚህ ነው። ሴፍቲ ቦክሱ (ያገለገለ መርፌ መጣያው) ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይዘጋና ለጤና ጣቢያ ይሰጣል።

ብርቱካን ልጦ እጁን ሳይታጠብ የመጣ ሰው ጤነኛ ሆኖ 250 ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ጀሪካን ውኃና ሳሙና ከአልኮል ይሻላል፤ አልኮል ካደረጋችሁም ጣቱ ይድረቅ። ብዙዎቹ ማሽኖች ከ10 ዲግሪ በታች አይሠሩም፣ የኅዳር ማለዳ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ማሽኑንም ስትሪፑንም ቤት ውስጥ አቆዩና ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ጀምሩ። የስትሪፑ ብልቃጥ አንድ ባወጣችሁ ቁጥር ወዲያው ይከደን፤ እርጥበት ያበላሸዋል።

ሳይበላ ለመጣ 126 (በሚሊግራም በዴሲሊትር) እና ከዚያ በላይ፣ ለበላ 200 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የሪፈር ወረቀት ይጻፍለት። «ስኳር አለብህ» ግን አትበሉ፣ እሱ በላብራቶሪ የሚረጋገጥ ነው። ማሽኑ «ኃይ» (HI፣ መለካት ከሚችለው በላይ) ካለ፣ ወይም ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሰውየው የሚያስመልሰው ወይም ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ከሆነ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ። ክሊኒኩን ሳታናግሩ ግን ምርመራውን አትጀምሩት፤ ተቀባይ የሌለው ሪፈር ሰውን ማስጨነቅ ብቻ ነው።

ጉዞው ላይ ኢንሱሊን የሚወጉ ካሉ ስኳር ያለው ለስላሳ በእጅ ይኑር።

ፋርማሲስት
ቲሸርቱን ተዉት። ሒሳቡን እዩ፦ አንድ ልጅ በቀን 2 ጊዜ ቢለካ በወር 60 ስትሪፕ፣ 20 ልጆች 1200፣ ይህም ባለ 50ው 24 ብልቃጥ ነው። በዓመት 288። ማሽን አንዴ የሚገዛ ነው፣ ቤተሰብ ላይ የሚከብደው ስትሪፑ ነው። አንዱ ማሽን የሌላውን ስትሪፕ አይቀበልም፤ ስለዚህ ከተማችሁ ፋርማሲ ውስጥ ስትሪፑ የማይገኝለት ማሽን ቢለግሷችሁ ከወር በኋላ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ከእንግሊዝ የሚመጣው ደግሞ በሚሊሞል ነው የሚያነበው፤ የኛን 126፣ 7 ይለዋል (በ18 አባዙት)። እናት 7 አይታ ልጄ ስኳሩ ወርዷል ብላ ጣፋጭ ብትሰጠውስ?

የገዛችሁትን ለሆስፒታሉ ፋርማሲ በሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) አስገቡና ኮፒውን ያዙ። ከሦስት ወር በኋላ የሞዴል 22ቱን (የንብረት ወጪ ደረሰኝ) ጠይቁ፤ ለለጋሽ የምታሳዩት እሱን ነው። ከውጭ በሻንጣ ኢንሱሊን እናምጣ የሚል ካለ አይሆንም በሉት፤ ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፣ ለማስገባትም የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠይቃል።

ሒሳብ አዋቂ፣ ሜሪላንድ
እድር ከአባላቱ መዋጮ መሰብሰቡና ከአላፊ አግዳሚው መሰብሰቡ አንድ አይደለም። የተመዘገበ ማኅበር ወይም ሆስፒታሉ ራሱ ባለቤት ይሁንና ፈቃዱን ቀድማችሁ በጽሑፍ ጨርሱ። ሂሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ፣ ደረሰኙ ተከታታይ ቁጥር ያለው ይሁን። በግለሰብ ቴሌብር አንድም ብር እንዳይገባ፤ ሐሜት የሚጀምረው እዚያ ነው።

ጎፈንድሚ ገንዘቡን ኢትዮጵያ ባንክ አያስገባም። የሚወጣው አሜሪካ ባለው ሰው ሂሳብ ነው፣ የታክስ ጥያቄውም እሱ ላይ ይመጣል። 501 ሲ 3 (በአሜሪካ ከታክስ ነፃ የሆነ በጎ አድራጊ) ዕውቅና ያለው ማኅበር ካገኛችሁ በሱ በኩል ሂዱ። በግለሰብ ስም ሲከፈት የጎፈንድሚ ክፍያ ከእያንዳንዱ ልገሳ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ነው፦ ከ5 ዶላር 45 ሳንቲም ያህል፣ ከ50 ዶላር 1.75። ስለዚህ ሰው በየወሩ 5 ዶላር ከሚያዋጣ ባንዴ 50 ቢሰጥ ይሻላል።

የጤና መኮንን
አንድ ነገር ተቀላቅሎባችኋል። አደባባይ ላይ 200 ጎልማሳ ስትለኩ የምታገኙት ዓይነት 2ን ነው። የልጆቹ ዓይነት 1 በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሚፈነዳ ነው፣ በነፃ ምርመራ አይያዝም። ባነሩ ላይ «ስኳርን እንከላከል» ብላችሁ ለልጆቹ ብር ከሰበሰባችሁ፣ ሰው «ከረሜላ አብልታው ነው» ብሎ እናትን ይወቅሳል። ዓይነት 1 ከረሜላ የሚያመጣው አይደለም።

ለልጆቹ ሌላ ወረቀት አዘጋጁ፦ ውኃ ጥም፣ ሽንት መመላለስ፣ አልጋ ማርጠብ ትቶ እንደገና የጀመረ ልጅ፣ እየበላ መክሳት። እነዚህን ያየ በዕለቱ ስኳሩን ያስለካ። ትውከትና ፈጣን ትንፋሽ ሲጨመር ብዙ ጊዜ ወባ ወይም ታይፎይድ ተብሎ ቀን ይባክናል። ወረቀቱን ከአደባባዩ ይልቅ ለመምህራንና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስጡ። የልጆቹን ፎቶ ባነር ላይ አትለጥፉ፣ ወላጅ ቢፈቅድም፤ ትምህርት ቤት የሚሄዱት እነሱ ናቸው።