የመረብ ዓይን 6 ወይስ 8? አዲስ መረብ ገመድ ላይ ስለመስፋት (ሀዋሳ ሐይቅ)

ጀልባ ጠባቂ

ሰላም ለሁላችሁ። ከአያት ጀምሮ ሀዋሳ ሐይቅ ላይ በመረብ የምንሠራ ቤተሰብ ነን፤ አሁን ጀልባውም መረቡም ወደ እኔና ወደ ታናሽ ወንድሜ ዞሯል። የድሮዎቹ መረቦች ዓይናቸው (ቀዳዳቸው) ተስቦ ሲለካ 10 ሴንቲ ነው፤ ፀሐይ ጨርሷቸዋል። ያልተሰፋ አዲስ የናይለን መረብ ልንገዛ ነው፤ ተስቦ ሲለካ 100 ሜትር፣ ወደ ታች 25 ዓይን።

ወንድሜ 6 ሴንቲ ይሁን ይላል፤ አጎታችን ከ8 በታች የሆነ መረብ ጀልባው ላይ አይወጣም ብለዋል። ማን ልክ ነው? ደግሞ 100 ሜትሩ ገመድ ላይ ሲሰፋ ስንት ሜትር መሆን አለበት? አጎታችን የሚሰፉት በክንዳቸው እየለኩ ነው፤ እሳቸው እያሉ ቁጥሩን ጽፈን መያዝ ፈለግን። በመጨረሻም አምባዛ መረቡን እየጠቀለለ ይቀደዋል፤ ምን ይሻላል?

መርፌና ክር

ከመስፋቱ ልጀምር፤ ዓይኑ ምንም ያህል ልክ ቢሆን አሰፋፉ ከተበላሸ መረቡ አይዝም።

መረቡን በግማሽ ስፉት፤ 100 ሜትሩ ገመዱ ላይ 50 ሜትር ይሁን። ባለ 8 ሴንቲ ከገዛችሁ 100 ሜትር ማለት 1,250 ዓይን ነው፤ በግማሽ ሲሰፋ እያንዳንዱ ዓይን ገመዱ ላይ 4 ሴንቲ ይይዛል። ሦስት ሦስት ዓይን እያነሳችሁ በየ12 ሴንቲው ቋጥሩ። ቋጠሮው ወደ 417 ይደርሳል። 12 ሴንቲ የሆነ እንጨት ቁረጡና በእሱ እየለካችሁ ሂዱ፤ የአጎታችሁ ክንድ የሚያውቀውን ያ እንጨት ይይዝላችኋል። 25ቱ ዓይን ተስቦ 2 ሜትር ነው፤ ተሰፍቶ ውሃ ውስጥ ሲቆም ግን 1.7 ሜትር አካባቢ ይሆናል።

ግማሽ የሚባለው በቆሮሶ (ቲላፒያ) ቅርጽ ምክንያት ነው። ቆሮሶ ጎኑ ጠፍጣፋ፣ ጀርባው ከፍ ያለ አሳ ነው። በግማሽ የተሰፋ ዓይን ወደ ላይ ቆሞ ስለሚከፈት አሳው ጭንቅላቱን አስገብቶ ጉንጩ ላይ ይያዛል። 60 ሜትር ላይ ብትሰፉት ረጅም መረብ ያገኛችሁ ይመስላችኋል፤ ግን ይወጠራል፣ አሳው ነክቶት ይመለሳል። 40 ሜትር ላይ ከሆነ በጣም ይልላል፤ ይይዛል፣ ግን እየጠቀለለ ስለሆነ ጠዋት አንዱን አሳ ለማውጣት ብዙ ትቆያላችሁ፣ ክሩም ይበጠሳል።

የታችኛው ገመድ ከላይኛው በትንሹ ይርዘም፤ ላይ 50 ከሆነ ታች 52 ከግማሽ። እኩል ወይም አጭር ከሆነ ታችኛው ይወጠርና መረቡ መሃሉ ላይ ይታጠፋል። ታች ላይ የቋጠሮው ልክ ታዲያ 12.6 ሴንቲ ይሆናል፤ ሌላ እንጨት ቁረጡለት። በሁለቱም ጫፍ ለማሰሪያ ሁለት ሁለት ሜትር ገመድ ትርፍ ተዉ።

ለላይኛው ፖሊፕሮፒሊን ገመድ ይሻላል፤ እሱ ራሱ ይንሳፈፋል። ናይለን ገመድ ስለሚሰምጥ ታች ይሁን። ተንሳፋፊውን በየአሥረኛው ቋጠሮ፣ ማለትም በየ1.2 ሜትር እሰሩ፤ ወደ 42 ይፈልጋል። ከአሮጌ ሲሊፐር የሚቆረጠው ይሠራል፤ ግን ስፖንጁ እየቆየ ውሃ ይጠጣል፣ በየጊዜው ይፈተሽ።

ታች ገመዱ ላይ የሚታሰረውን የእርሳስ ማስመጫ በግምት አታድርጉት። አንዱን ተንሳፋፊ ባልዲ ውሃ ውስጥ ክተቱ፣ እስኪሰምጥ ድረስ ትንንሽ ብሎን እየጨመራችሁ እሰሩበት፣ ከዚያ ብሎኖቹን መዝኑ። 30 ግራም ከወጣ 42ቱ አንድ ላይ የሚያነሱት 1.26 ኪሎ ነው። ታች የሚቀመጥ መረብ የዚያን እጥፍ እርሳስ ይፈልጋል፤ እዚህ ጋ 2.5 ኪሎ ገደማ፣ ነፋስ የሚበረታበት ቦታ ላይ ደግሞ ከዚያ በላይ። እርሳስ ሲያንስ መረቡ በማዕበል እየሄደ ከሰው መረብ ጋር ይጠላለፋል፤ በማኅበር ውስጥ ለሚነሳው ጠብ ይህ አንዱ መነሻ ነው።

ፊላ ዳር

ስለ ዓይኑ፣ አጎትህ ልክ ናቸው። ሀዋሳ ሐይቅ የሚመከረው 8 ሴንቲና ከዚያ በላይ ነው። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ለገበያ የሚያሰግር ሰው ፈቃድ እንዲኖረው ይላል፤ ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት ፈቃድ የሚሰጣችሁን ቢሮ ስለ ዓይኑ ልክ ጠይቅ። ሱቅ ላይ የሚነገርህን 8 ግን አትመን። አሥር ዓይን አርጥበህ፣ ሳብ አድርገህ ከውስጥ ለካ፣ ለአሥር አካፍል። "8" ተብሎ የሚሸጥ 7 ሆኖ ይገኛል።

ለወንድምህ እንዲህ በለው። ቆሮሶ የሚራባው ወደ 20 ሴንቲ ገደማ ሲደርስ ነው። 6 ሴንቲ መረብ የሚይዘው ከዚያ በታች ያለውን ነው፤ አንድም ጊዜ ሳይወልድ ይወጣል። ገበያውም አይክስም። ከቆሮሶ የሚወጣው ንጹህ ሥጋ ከክብደቱ አንድ ሦስተኛ አካባቢ ነው፣ ለመግፈፍና ለመፋቅ የሚጠፋው ጊዜ ግን ለትልቁም ለትንሹም ያው ነው። አሞራ ገደል የአሳ ገበያ ላይ ቢላ የያዘ ማንኛውንም ሰው ጠይቁ።

ከዓይኑ እኩል የሚያሳስበኝ ቦታው ነው። የቆሮሶ ሴት እንቁላሏንም ጫጩቶቿንም በአፏ ትይዛለች፤ መረብ ውስጥ ስትታገል ትተፋቸዋለች፣ ያ ሁሉ ይጠፋል። ወንዱ ጎጆውን የሚቆፍረው ዳር ዳሩን ነው፣ ጫጩቶቹም የሚያድጉት ፊላው (ሐይቁ ዳር የሚበቅለው ረጅም ሣር) ውስጥ ነው። ስለዚህ መረቡን ከፊላው አርቃችሁ ጣሉ፣ በተለይ መራባቱ በሚበረታበት ከጥር እስከ መጋቢትና በክረምቱ። የሚጎተት መረብ ዳር ላይ መጠቀም ደግሞ ጎጆውንም ጫጩቱንም ጠርጎ ነው የሚያወጣው። እባካችሁ እሱን አትጀምሩ። ችግሩ ጾም ሲገባ የአሳ ፈላጊ የሚበዛበትና ቆሮሶ የሚራባበት ወር መገጣጠሙ ነው፤ ትዕግሥት የሚፈልገው ያኔ ነው።

ጉማሬ ያለበትን ዳርም በማታ ራቁ፤ መረብ ብቻ አይደለም የሚቀደው።

ሺህ መንጠቆ

አምባዛን በመረብ አትጠብቁት። ሲያዝ ይሽከረከራል፣ የጎን ክንፉ ላይ ያለው እሾህ ክሩን ይጠልፋል። ለእሱ ረጅም ገመድ ከመንጠቆ ጋር ይሻላል። ዋናው ገመድ ላይ በየ1.5 ሜትሩ ጫፉ ላይ መንጠቆ ያለው ግማሽ ሜትር ቅጥያ ገመድ አንጠልጥሉ፤ በሁለቱ መሃል ያለው ርቀት ከቅጥያው ሁለት እጥፍ ካነሰ ጎን ለጎን የተያዙት ይጠላለፋሉ። ማጥመጃው ቁራጭ አሳ ይሁን። ሲመሽ ጣሉ፣ በጠዋት አውጡ። አምባዛ አየር ስለሚተነፍስ በሕይወት ቆይቶ ይጠብቃችኋል፤ ቆሮሶ ግን አይጠብቅም፣ ስለዚህ መጀመሪያ መረቡን አንሱ።

ጀልባ ጠባቂ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። ባለ 8 ልንገዛ ተስማምተናል። የድሮዎቹን መጠገን ያዋጣል? ደግሞ ከምሽቱ 12 ሰዓት የጣልነውን ጠዋት 3 ሰዓት ስናነሳ ከአሳው ግማሹ ሆዱ ለስልሶ ይመጣል።

መርፌና ክር

ጠዋት 3 ሰዓት ዘግይቷል። ሐይቁ ሞቃት ነው፤ መረብ ላይ የሞተ አሳ እዚያው መበላሸት ይጀምራል፣ መጀመሪያ የሚለሰልሰውም ሆዱ ነው። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ማንሳት ጀምሩ፤ በዚያ ሰዓት ነፋሱም ጸጥ ያለ ነው። ጀልባው ላይ እያላችሁ እርጥብ ጆንያ አልብሱት፣ እንደወጣችሁ ሆድቃውን አውጡና አንድ ኪሎ አሳ በአንድ ኪሎ በረዶ። ልቡ አካባቢ ትል ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ከሆድቃው ጋር አብራችሁ አውጡት። በደንብ የበሰለ አሳ ላይ ትሉ ስለሚሞት ችግር የለውም፣ በጥሬ ለሚበላ ደንበኛ ግን አትሽጡ።

የድሮውን ክር ከሦስት ከአራት ቦታ ይዛችሁ በእጅ ሳቡት። ጣታችሁን ሳይቆርጥ ከተበጠሰ ፀሐይ ገድሎታል፤ የጠገናችሁት ጎን ቆሞ ከአጠገቡ ይቀደዳል። ደህና ከሆነ ቀዳዳውን መጀመሪያ አስተካክላችሁ ቁረጡ፤ ሦስት እግር (ከቋጠሮው የሚወጣ ክር) ካለው ቋጠሮ ጀምራችሁ ሦስት እግር ባለው ቋጠሮ ላይ እንድትጨርሱ፣ በመሃል ያሉት ሁሉ ሁለት እግር ብቻ ይኑራቸው። ያለዚያ መርፌው መንገዱን ስቶ ዓይኑ ይጨማደዳል። ዓይኑ 10 ስለሆነ የመለኪያ እንጨቱ ስፋት 5 ሴንቲ ይሁን። አዲሱን ደግሞ ጥላ ላይ አድርቁት።

የማይጠገነውን ሐይቅ ውስጥ አትጣሉ፤ ናይለን አይበሰብስም፣ ባለቤት የሌለው መረብ አሳ መግደሉን አያቆምም። ገመዱን፣ ተንሳፋፊውንና እርሳሱን ፍቱና ለአዲሱ አውሉት። እርሳሱን አቅልጣችሁ እንደገና የምታፈሱ ከሆነ ውጭ፣ ነፋስ ከጀርባችሁ አድርጋችሁ፣ ልጆች በሌሉበት ይሁን፤ የወጥ ምድጃና ድስት አይነካካው።