ለሳፋ (የአፍሪካ አርኪዮሎጂ ተመራማሪዎች ማህበር ጉባኤ) አብስትራክት (የጥናት አጭር ማጠቃለያ) ልካችሁ የምታውቁ፣ የትኛው ሴሽን ላይ ልግባ??

ሰላም ናችሁ ወገኖች፣ ከሀዋሳ ነኝ፣ አርኪዮሎጂ ማስተርስ ላይ ነኝ። የምሰራው የጌዴኦን ትክል ድንጋዮች ነው (2023 ላይ ጌዴኦ ዩኔስኮ መመዝገቡን ታውቃላችሁ መቼም)። ጌዴኦ ውስጥ ቱቱ ፈላ የሚባል ቦታ ላይ መጀመሪያ የወንድ ብልት ቅርፅ የነበራቸው ድንጋዮች በኋላ ፊት ምናምን ተቀርፆባቸው ሰው እንዲመስሉ ተደርገዋል፣ አንዱ ድንጋይ ላይ ሁለት ዘመን አለ ማለት ነው፣ እኔን የያዘኝ እሱ ነው።

አሁን ሳፋ ላይ ላቀርበው ፈልጌ ፎርሙ ሴሽን ምረጪ ሲለኝ ቆምኩ። ሜጋሊት (ትልልቅ የጥንት ድንጋይ ሐውልቶች) የሚል ስለሌለ ወይ ቅርስ አያያዝ ወይ የቀብር ስርዓት ውስጥ ነው የምገባው፣ አማካሪዬ ደሞ ፊልድ ወጥቶ ኔትወርክ የለውም። ጠቅላላ ሴሽን ብገባስ ሰው ይሰማኛል ወይስ የመጨረሻ ቀን ባዶ አዳራሽ ነው?

ሌላው ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነው፣ ባንክ ሄጄ የተቀባይነት ደብዳቤ አምጪ አሉኝ፣ ደብዳቤው ደሞ ገና አብስትራክቱ ሲያልፍ ነው የሚመጣው። ሳፋ በየሁለት ዓመቱ ስለሆነ ካለፈኝ እስከዛ ተመርቄ ወጥቻለሁ። ለተማሪ የጉዞ ድጋፍ አግኝታችሁ የምታውቁ ካላችሁ ማመልከቻው ላይ ምን ፃፋችሁ? በውስጥ መስመርም ይሁን እዚሁ፣ ብቻ ቶሎ በሉልኝ፣ ሊዘጋ ነው።