«ተንበረከከ» እጅ መስጠት ነው ወይስ እምቢታ?

ጀማሪ ጸሐፊ፦ ስለ አሜሪካን ፉትቦል ተጫዋቹ «ኮሊን ካፐርኒክ በ2016 የአሜሪካ መዝሙር ሲዘመር ተንበረከከ» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ አነበበና «ለማን ነው እጁን የሰጠው?» አለኝ። ሰውየው ፖሊስ በጥቁሮች ላይ የሚፈጽመውን ግፍ መቃወሙ ነበር እኮ። ምን ልበል?

ድጓ ወዳድ፦ ሥሩ «ብርክ» ነው፤ በግዕዝ ጉልበት። «ባረከ»ም ከዚያው ይወጣል። ስለዚህ የተንበረከከ ቡራኬ ይቀበላል እንጂ አይሸነፍም።

ያሬዳዊ፦ ቸኮልክ ወንድሜ። ስግደት (ግንባርን ምድር ማስነካት)፣ አስተብርኮ (በጉልበት መንበርከክ)፣ አድንኖ (አንገትን መድፋት) ይለያያሉ። የሱ አስተብርኮ ነው።

አራት ኪሎ፦ «ካፐርኒክ አስተብረከ» ብለህ ለስፖርት አዘጋጅ ላክና ማን እንደሚንበረከክ እናያለን 😂

የሜሪላንዱ፦ መጀመሪያ ተቀምጦ ነበር። ኔት ቦየር የሚባል የቀድሞ የልዩ ኃይል ወታደር ነው በጉልበትህ ሁን ያለው፤ ወታደር የወደቀ ጓዱ መቃብር ፊት እንደሚያደርገው። ለአክብሮት ታስቦ ነበር ማለት ነው። ትራምፕ ግን በ2017 አላባማ ላይ የቡድን ባለቤቶች እንዲህ ያለውን ተጫዋች እንዲያባርሩ ሲቀሰቅስ ንቀት አደረገው። ካፐርኒክ ያኔ ቡድን አልነበረውም። እዚህ አገር የተጣሉት አከበረ ወይስ ናቀ ብለው ነው፤ ተሸነፈ ያለ አልሰማሁም።

ያሬዳዊ፦ በአንድ ጉልበት ከሆነማ አስተብርኮም አይሞላ።

እንኮዬ፦ «በአንድ ጉልበቱ በርከክ አለ» በሉትና ልጁን አሳርፉት።

ድጓ ወዳድ፦ በርከክ የምትለው ግመል ናት!

ያሬዳዊ፦ አድንኖ ከፈለጋችሁ የዴንቨሩ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ማህሙድ አብዱል-ራኡፍ አለላችሁ። በ1996 ለመዝሙሩ አልቆምም ብሎ ታገደ። ኋላ ቆሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ሊጸልይ ከሊጉ ጋር ተስማማ።

አራት ኪሎ፦ የኔታ፣ ሰውየው ሙስሊም ነው። ዱዓውን ይተዉለት።

ጀማሪ ጸሐፊ፦ እሺ ርዕሱስ?

የሜሪላንዱ፦ የካፐርኒክ መቀመጥ ከመታወቁ ጥቂት ቀናት በፊት ፈይሳ ሌሊሳ ሪዮ ላይ በማራቶን ሁለተኛ ሲገባ እጁን ከራሱ በላይ አጣምሮ ነበር። እሱን አስገባው።

ድጓ ወዳድ፦ «አጣምሮ» አይባልም። «አመሳቅሎ» ነው፤ መስቀል አለበት።

እንኮዬ፦ «አመሳቀለ» ነገር አበላሸ ማለትም ነው። ደግሞ ጓደኛው «ምን አበላሸ?» ሊለው ነው?

ድጓ ወዳድ፦ ያ ከ«ምስቅልቅል» ነው፤ ሥሩ ሌላ ነው።

ያሬዳዊ፦ ሌላ? የትኛው ጉባኤ ቤት ነው የተማርከው?