ወደ ላይ የሚከፈት በር ያለው መኪና ለሦስት ልጆችና ለአያት ይመቻል?

የሦስት ልጆች አባት (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ሦስት ልጆች አሉን፤ ትንሿ ገና ዓመቷ ነው። እናቴም ከእኛ ጋር ትኖራለች፤ ጉልበቷን ያማታል። አሁን አንድ ያገለገለ የ2020 ቴስላ ሞዴል ኤክስ የኤሌክትሪክ መኪና አግኝቻለሁ፤ ባለ ስድስት መቀመጫ ስለሆነ ልክ ይበቃናል። ልጆቹ የኋላ በሮቹ እንደ ወፍ ክንፍ ሲነሱ ካዩ በኋላ ስለ ሌላ መኪና መስማት አይፈልጉም። ባለቤቴ ግን «ይህ የሰርግ መኪና ነው» ትላለች።

የሚያሳስበኝ ማቆሚያችን ነው። ምድር ቤት ነው፣ መግቢያው ላይ 6 ጫማ ከ8 ኢንች የሚል ሰሌዳ አለ፣ ከእኛ ቦታ በላይ ደግሞ የውኃ ቧንቧ ያልፋል። በግራም በቀኝም ያሉት ጎረቤቶች መስመሩን ረግጠው ነው የሚያቆሙት። እንዲህ ያለ በር በየቀኑ የምትጠቀሙ ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ

አራት ዓመት ነድቼዋለሁ፤ በሩን እወደዋለሁ። ሕፃን ታቅፈህ ቀጥ ብለህ ቆመህ መቀመጫዋ ላይ ታስቀምጣታለህ። አንገትህን አትሰብርም፣ የልጅቷ ጭንቅላትም ከጣሪያው ጋር አይጋጭም። በሌላ መኪና ወገቤን ይዤ ነበር ቀበቶ የማስረው።

ጠባብ ቦታን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ልብ በል። በሩ እንዲከፈት በጎን በኩል 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበቃዋል ይባላል፤ እውነትም ይከፈታል። በሩ ይከፈት እንጂ አንተ በ30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ሕፃን ታቅፈህ ታልፋለህ? በዚያ ላይ የፊት በሮቹ እንደ ማንኛውም መኪና ወደ ጎን የሚከፈቱ ናቸው። ስለዚህ ጎረቤትህ ተጠግቶ ካቆመ የምትቸገረው ከሹፌሩ ወንበር ለመውጣት ነው።

መካኒኩ

የበሩ አሠራር ከገባህ ችግሩም ይገባሃል። እያንዳንዱ የኋላ በር ሁለት ቦታ ይታጠፋል፤ አንዱ ማጠፊያ ጣሪያው መሐል ነው፣ ሌላው ከመስኮቱ በላይ ትከሻው ላይ። መጀመሪያ ክርኑን አጥፎ ወደ ላይ ይነሣል፣ ከዚያ ይዘረጋል። ወደ ላይ የሚከፈተው የድሮዎቹ የስፖርት መኪኖች በር ግን አንድ ማጠፊያ ብቻ ስላለው ሰፊ ቦታ ይፈልግ ነበር። ሴንሰሮች የማቆሚያውን ጣሪያና ጎኑን እየለኩ የበሩን ሞተር ያዝዙታል፤ ጣሪያው ዝቅ ካለ በሩ በግማሽ ይቆማል።

መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በፈረንጆቹ 2012 ነው፤ ለገዢዎች መድረስ የጀመረው ግን በ2015 መስከረም ነው። በ2016 የቴስላ ኃላፊ ኢሎን መስክ ራሳቸው በአንድ መኪና ላይ ይህን ሁሉ አዲስ ነገር መጫናቸው ትዕቢት እንደነበረ ለባለአክሲዮኖች ተናግረዋል። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ሞዴል ባታይ ይሻላል፤ 2020 የተሻለ ነው።

አሁን ቁጥሩን አስላው። 6 ጫማ ከ8 ኢንች ማለት 2 ሜትር ከ3 ሴንቲ ሜትር ነው። በሩ ሙሉ በሙሉ ሲነሣ 2 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሰሌዳው የሚናገረው ስለ ሕንፃው ዝቅተኛ ቦታ ስለሆነ የራስህን ቦታ በሜትር ለካ፤ የምትለካው ግን እስከ ጣሪያው ሳይሆን እስከ ቧንቧው ነው። ሴንሰር አለ ብዬ እኔ ለቀጭን ቧንቧ አላምነውም።

ከመግዛትህ በፊት ሁለቱንም በሮች አሥር አሥር ጊዜ ክፈትና ዝጋ። ሲዘጋ የሚንቀጫቀጭ ወይም በመሐል የሚያመነታ ከሆነ ተወው። የመዝጊያውን ጎማ በጣትህ ዳስስ፣ ጣሪያው ላይ ውኃ አፍስስና ውስጡን እይ። አንድ ደግሞ አብዛኛው ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ ኤሌክትሪክ ቢጠፋ የኋላውን በር ከውስጥ የሚያስከፍተው ገመድ በሩ ላይ ካለው ድምፅ ማጉያ ክዳን ጀርባ ነው። ክዳኑን አውልቀህ ገመዱን ወደ ታችና ወደ ፊት ትስባለህ፣ በሩን በእጅህ ታነሣለህ። ይህን ባለቤትህም ታላቁ ልጅም ይወቁት።

ሚኒሶታ ነዋሪ

ስለ ክረምቱ ማንም አላነሣም። ወንድሜ ይህ መኪና አለው። ጥር ላይ በረዶውን ከጣሪያው ሳልጠርግ በሩን ከፈትኩትና ክምሩ በቀጥታ የእህቱ ልጅ ጭን ላይ ወረደ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጁ ግን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ዝናብም እንዲሁ ነው። በሩ እንደ ጥላ ያገለግላል ይላሉ፤ ለቆመው ሰው እውነት ነው፣ ጣሪያው ስለተከፈተ ግን መቀመጫው ይረጥባል።

ጣሪያው ላይ ዕቃ መጫንም አይታሰብም። ብስክሌት ከኋላ መጎተቻው ላይ ይታሰራል፣ ሻንጣ ግን የት ታደርገዋለህ? ሦስት ልጅ ላለው ሰው ተንሸራታች በር ይበልጣል። ቶዮታ ሲዬና ሃይብሪድ ነው፣ ስምንት ሰው የሚይዝም አለው። ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ ካልክ የፎልክስዋገን አይዲ ባዝ ተንሸራታች በር አለው።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ

የሚኒሶታውን በረዶ ወደ ቨርጂኒያ አታምጡብን! አንተ ግን በእኛ ወሬ አትወስን። እማማን ይዘሃቸው ሂድና ራሳቸው ገብተው ይውጡ።

የሦስት ልጆች አባት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለካሁት፤ ቧንቧው ሥር 2 ሜትር ከ8 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ በሩ በግማሽ ነው የሚቆመው፣ ወይም ምድር ቤት ከመግባቴ በፊት ሁሉንም ውጭ ማውረድ አለብኝ። በዝናብ ቀን ማለት ነው።

እናቴንም ትናንት ወሰድኳት። በሩ ሲነሣ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች። ጎንበስ ሳትል እንደምትገባ ነግሬአት ነበር፤ እውነትም ጎንበስ አላለችም። ነገር ግን አንድ እግሯን አስገብታ እጇን ወደ ላይ ሰደደች፤ በአሁኑ መኪናችን የምትይዘውን እጀታ ፍለጋ ነው። ከላይ ምንም የለም፣ ጣሪያው ከበሩ ጋር ተነሥቷል። የፊተኛውን ወንበር ጀርባ ይዛ በእኔ ድጋፍ ገባች። ከተቀመጠች በኋላ ቀና ብላ «ልጄ፣ ይህን ማን ይዘጋዋል?» አለችኝ። ሻጩ በአዝራር ዘጋው፤ ስታማትብ በመስኮቱ አየኋት።

የፊት ወንበር ላይ ግን ያለ ማንም እርዳታ ወጥታ ወርዳለች። እሷ ከፊት ብትሆን ባለቤቴ ከልጆቹ ጋር ከኋላ ልትሆን ነው፤ ይህን ስነግራት የመለሰችልኝን እዚህ አልጽፈውም። ሲዬናውን ቅዳሜ እናያለን። ለልጆቹ እስካሁን አልነገርኳቸውም።